ከገጽ 4 እስከ ገጽ 9

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2010 አርብ ነበር። ተርሎክ በምትባል የካሊፎርኒያ የእርሻ ከተማ የሚገኘው ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታኒስላውስ በዚያን ዕለት ዝግ ነው። በዓል አልነበረም። ግዛቲቱ ገንዘብ ስላጠራት የ23ቱም ካምፓሶች መምህራንና ሠራተኞች በወር ሁለት ቀን ደመወዝ የማይከፈልበት የግዴታ ዕረፍት እንዲወጡ ተደርጎ ነበር፤ ያ አርብ ከእነዚህ ቀናት አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የፀደይና የበጋ ወራት የተማሪዎች ክፍያ ሁለት ጊዜ ጨምሮ፣ በድምሩ 32 በመቶ ከፍ ብሏል።

ማንም ሥራ መግባት በሌለበት በዚያ ቀን በአስተዳደሩ ግቢ ውስጥ መኪኖች ቆመዋል፣ ሰዎችም ወረቀት እያጠፉ ነው የሚል ወሬ ለጥቂት ተማሪዎች ደረሳቸው። ተማሪዎቹ በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ ሄደው ወደ ቆሻሻ ገንዳው ጎንበስ ሲሉ በማሽን የተተለተለ የወረቀት ክምር አገኙ። ከተተለተለው ጋር ግን ማሽኑ ያልነካቸው ወረቀቶችም ተጥለው ነበር። ከእነዚህ መካከል የአንድ ውል ቁራጭ አለ፤ ከገጽ 4 ይጀምርና ገጽ 9 ላይ ያበቃል። መጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች የሉም።

ገጾቹ ስለ አንዲት ተናጋሪ አቀባበል ያትታሉ። ለተናጋሪዋ ንግግር የምታደርግበት መድረክ ላይ ያልተከፈቱ ሁለት የውኃ ጠርሙሶች ከሚታጠፍ ስትሮ ጋር ይቀመጡላት። ለሁለት ሰው ከአንኮሬጅ ደርሶ መልስ የአንደኛ ማዕረግ የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጥ፤ በግል ጄት የምትመጣ ከሆነ ደግሞ አውሮፕላኑ ሊር 60 ወይም ከዚያ የሚበልጥ መሆን አለበት። ሆቴሉ የቅንጦት ሆኖ ለእሷ ሳሎን ያለው ክፍል፣ ለአጃቢዎቿ ሌላ ሁለት ክፍል ይያዝ። የሚቀርቡላት ጥያቄዎች አስቀድመው ይታዩ።

ስም የለም። የክፍያውም መጠን የለም። ግን አንኮሬጅ አላስካ ውስጥ ናት፤ ዩኒቨርሲቲውም ከጥቂት ሳምንታት በፊት የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብር የክብር እንግዳው የቀድሞዋ የአላስካ ገዥ ሳራ ፔሊን እንደሆነች አስታውቆ ነበር። የእራት ግብዣው ጁን 25 ይደረጋል፤ የጠራቻት ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ስም ዕርዳታ የምታሰባስበው ፋውንዴሽን ነች።

የአሜሪካ ጋዜጦች በስትሮው ነው የተዝናኑት። ለሳምንት ያህል ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረም። ለእኔ ከስትሮው ይልቅ ቁም ነገሩ ያለው ወረቀቱ ገንዳ ውስጥ ከመገኘቱ በፊት በተጻጻፉት ደብዳቤዎች ላይ ነው። ሊላንድ ዪ የተባለው የግዛቱ ሴናተር ለሴትዮዋ ስንት እንደሚከፈላት ለማወቅ ውሉን በደብዳቤ ጠይቆ ነበር። ካሊፎርኒያንስ አዌር የተባለው፣ የመንግሥት ሰነዶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ የሚሟገተው ድርጅትም ጠይቋል። የዩኒቨርሲቲው መልስ አጭር ነበር፦ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰነድ የለም፣ ውሉ የፋውንዴሽኑ ነው፤ ፋውንዴሽኑ ደግሞ የግል ድርጅት ስለሆነ የመንግሥት ሰነዶችን ለሕዝብ ክፍት የሚያደርገው ሕግ አይመለከተውም።

ይህን ሲሉ ከአየር ላይ አልዘገኑትም። የሚደገፉበት የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጃቸው ነበር። ፍሬስኖ በሚገኘው እህት ካምፓስ አንድ ግዙፍ የስፖርት አዳራሽ ሊሠራ ሲታሰብ፣ የክብር ሎጆቹን ገንዘብ ከፍለው የያዙት እነማን እንደሆኑ የከተማዋ ጋዜጣ ፍሬስኖ ቢ ጠይቆ፣ ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ሄዷል። ችሎቱ በ2001 የሰጠው ፍርድ ሁለት ወገን ነበረው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በእጁ ያለውን ስም ይፋ ያድርግ አለ፤ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ረዳት ማኅበር ግን በሕጉ አነጋገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስላልሆነ ሊገደድ አይችልም አለ። ይህ ቀዳዳ ካላማራችሁ ሕጉን ማስተካከል የሕግ አውጪው ፋንታ ነው የሚል መንፈስም ነበረው። ከዚያ በኋላ ምስጢር ሆኖ እንዲቀር የተፈለገ ወረቀት በየትኛው መሳቢያ መቀመጥ እንዳለበት ለማወቅ ብልህ ጠበቃ አያስፈልግም ነበር።

መሳቢያው ትንሽ አይደለም። የሴናተሩ ጽሕፈት ቤት በዚያን ሰሞን ባወጣው ስሌት፣ ከካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 6.7 ቢሊዮን ዶላር በጀት 20 በመቶው፣ ማለትም 1.34 ቢሊዮኑ፣ የሚንቀሳቀሰው በ87 ረዳት ማኅበራትና ፋውንዴሽኖች በኩል ነው። የመጻሕፍት መደብሩ፣ ካፌው፣ ማደሪያው፣ የምርምር ዕርዳታው፣ የለጋሾች ገንዘብ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የፋውንዴሽኑን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚሠሩት ደግሞ ደመወዛቸውን ከዩኒቨርሲቲው የሚያገኙ፣ በዩኒቨርሲቲው ቢሮ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን የጎን ኪስ ስታገኝ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ትልቁና ታዋቂው የግዛቲቱ ተቋም ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ነው፤ በርክሊና ሎስ አንጀለስ የእሱ ካምፓሶች ናቸው። በ1992 ፕሬዚዳንቱ ዴቪድ ጋርድነር ሲሰናበቱ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የስንብት ጥቅም በዝግ ስብሰባ ጸድቆላቸው ኖሮ፣ ነገሩ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድም ከእንግዲህ የከፍተኛ ኃላፊዎች ክፍያ በሙሉ፣ አበሉም ጥቅማ ጥቅሙም ሳይቀር፣ ለቦርዱ ቀርቦ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል የሚል መመሪያ አወጣ። መመሪያው ተጽፎ ተቀመጠ። አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ።

በ2005 ሁለት የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጠኞች፣ ታኒያ ሼቪትዝና ቶድ ዋላክ፣ የዩኒቨርሲቲውን የደመወዝ መክፈያ ፔሮል በሰነዶች ሕግ ጠይቀው አገኙ። ደመወዝ በዚያ አገር ድሮም ምስጢር አልነበረም፤ አንድ ኃላፊ ሲሾም ቦርዱ በአደባባይ ድምፅ ይሰጣል፣ የዓመት ደመወዙም በጋዜጣ ይወጣል። ጋዜጠኞቹ ያደረጉት ለቦርዱ የተነገረውን ቁጥር ፔሮሉ ላይ ከተከፈለው ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሁለቱ አልገጠሙም። ከደመወዙ ቀጥሎ በየመስመሩ ቦነስ፣ የኃላፊነት አበል፣ የጓዝ ማጓጓዣና ሌላም ሌላም ስም ያለው ክፍያ ተደርድሯል። ኖቬምበር 13 በወጣው ዘገባቸው ከደመወዝና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ በአንድ የበጀት ዓመት የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ 871 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን አሳወቁ። ከዚህ ውስጥ 599 ሚሊዮን ያህሉ የሄደው እያንዳንዳቸው ከደመወዛቸው በላይ 20 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ለተከፈላቸው ከ8,500 ለሚበልጡ ሰዎች ነው። ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ይነገር፦ ከዚህ ብዙው በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታሎች ለሚያክሙ ሐኪሞች የሚከፈል ነበር፤ ገንዘቡም የመጣው ከሕክምናው ገቢ ነው። ሐኪም ሳይሆኑ ከዝርዝሩ ውስጥ የተገኙት የቢሮ ሹሞች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው።

ዩኒቨርሲቲው በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩን ፕራይስዋተርሃውስኩፐርስ በተባለው የኦዲት ድርጅት ሲያስመረምር፣ ለብዙ ከፍተኛ ኃላፊዎች የተሰጠው ክፍያና ጥቅም ለቦርዱ ሳይቀርብ ወይም ሳይጸድቅ እንደታለፈ ተረጋገጠ። የ1992ቱ መመሪያ ተሽሮ አያውቅም። የሚከተለው ሰው አልነበረም እንጂ። ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ዳይንስ በ2007 እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ዩኒቨርሲቲውም ከዚያ ወዲህ የሠራተኞቹን ክፍያ በየዓመቱ በስም እያወጣ ማንም እንዲያየው ያደርጋል። አሁን የበርክሊ የእግር ኳስ አሠልጣኝ (የአሜሪካው እግር ኳስ ማለቴ ነው) ስንት እንደሚወስድ ለማወቅ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው አሠልጣኝ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኝ ነበር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ብዙ እጥፍ። ይህ ያናድድ ይሆናል፤ ግን አልተደበቀም፤ የተናደደም ሰው በቁጥር ሊከራከር ይችላል።

ወደ ተርሎክ እንመለስ። ሴናተር ዪ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ኤፕሪል 13 ገጾቹን ለጋዜጠኞች አሳየ። በዚያው ቀን የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ጄሪ ብራውን ምርመራ እንደሚያደርግ ገለጸ። ዪ ዴሞክራት ነው፣ ብራውንም ዴሞክራት፣ ያውም በዚያ ዓመት ለገዥነት የሚወዳደር፤ ፔሊን ደግሞ በ2008 በሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩነት ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረች። ተናጋሪው የዴሞክራቶች ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ግርግር ይነሣ ነበር ወይ ብለው የጠየቁ ነበሩ። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ግን ሴናተሩ ፋውንዴሽኖቹን በሰነዶች ሕግ ሥር ለማስገባት የመጀመሪያውን ረቂቅ ያሳለፈው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ለጋሾች ይሸሻሉ ብሎ ሳይፈርምበት መልሶታል።

ግብዣው በጊዜው ተደረገ፤ ፔሊን መጣች፣ ተናገረች፣ ሄደች። ፋውንዴሽኑ ከዝግጅቱ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ አተረፍኩ አለ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ተደብቆ የነበረውን የክፍያ መጠንም ያኔ አወጣው፦ 75 ሺህ ዶላር። ለእንደዚያ ያለ ተናጋሪ በአሜሪካ ገበያ የሚያስደነግጥ ዋጋ አይደለም። ገንዘቡም ከግዛቱ ግምጃ ቤት አልወጣም። የዐቃቤ ሕጉም ምርመራ በመጨረሻ የዕርዳታ ገንዘብ በሕገ ወጥ መንገድ አልባከነም የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። እንግዲህ ያ ሁሉ መደበቅ ለምን አስፈለገ? ለዚህ ግልጽ መልስ የሰጠ የለም። ውሉ ራሱ ምስጢር ጠብቁ የሚል ቃል አለበት ተባለ እንጂ።

ፍርድ ቤቱ ግን ሌላ ነገር አገኘ። ካሊፎርኒያንስ አዌር ዩኒቨርሲቲውን ከሶ ስለነበር፣ የስታኒስላውስ ካውንቲ ዳኛ ሮጀር ቦሼን በኦገስት ማብቂያ ላይ ፍርዱን ሰጡ፦ ውሉ በዩኒቨርሲቲው ኃላፊ እጅ ገብቶ ለዩኒቨርሲቲው ሥራ ውሏል፤ ስለዚህ የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ባለመስጠቱ ሕግ ጥሷል። ዳኛው የ2001ን ፍርድ አልሻሩም፤ ሊሽሩም አይችሉም። ፋውንዴሽኑ አሁንም የግል ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር አንድ ሰው በሁለት ኮፍያ ሲሠራ በአንደኛው ኮፍያ ያየውን ወረቀት በሁለተኛው አላየሁም ማለት እንደማይችል መታወቁ ነው።

በዚያው በጋ የካሊፎርኒያ ሕዝብ ስለ ሹማምንት ደመወዝ የሚሰማው ሁሉ ያስቆጣው ነበር። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጁላይ ላይ ቤል የምትባለው የድሃ ሠራተኞች ከተማ ሥራ አስኪያጇን በዓመት 800 ሺህ ዶላር ገደማ እንደምትከፍለው አውጥቶ አገር ጉድ ብሏል። እንዲያም ሆኖ ዪ ሁለተኛውን ረቂቅ አሳልፎ ሲልክለት ሽዋርዝኔገር በሴፕቴምበር እንደገና ሳይፈርም መለሰው። የተርሎኩ ፍርድ ገና ቀለሙ አልደረቀም ነበር።

ሦስተኛው ረቂቅ በ2011 ሲመጣ ገዥው ሌላ ሰው ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የነበረው ጄሪ ብራውን። ረቂቁ በምክር ቤቱ እየሄደ ሳለ ጁላይ 12 ቀን አንድ ነገር ተፈጠረ፤ ሕጉን ከሳራ ፔሊን ይልቅ የገፋፋው ይኸኛው ይመስለኛል። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ በዚያን ቀን ሎንግ ቢች ውስጥ ተሰብስቦ የተማሪዎችን ክፍያ በ12 በመቶ ጨመረ። በዚያው ስብሰባ ለሳን ዲየጎ ስቴት አዲሱ ፕሬዚዳንት ኤሊዮት ሂርሽማን የ400 ሺህ ዶላር የዓመት ደመወዝ አጸደቀ፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የሚያገኙት ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ነበር። ከ400 ሺው ውስጥ 350 ሺው ከግዛቱ በጀት ነው። የቀረው 50 ሺህ የሚመጣው ደግሞ ከካምፓሱ ፋውንዴሽን።

ያን ጊዜ ሁለቱ ታሪኮች ተገናኙ። እስከዚያ ድረስ ፋውንዴሽን ማለት ግብዣ የሚደግስ፣ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ የለጋሾች ማኅበር ነበር። አሁን የአንድን የሕዝብ ሹም ደመወዝ ስምንተኛ እጅ የሚከፍል አካል ሆኖ ታየ። ለሹሙ የሚከፈለው ከሁለት ምንጭ ከሆነ፣ አንዱ ምንጭ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ሌላው ዝግ ከሆነ፣ ሹሙ ለማን ነው የሚታዘዘው? ለጋሹስ ለሰጠው ገንዘብ የሚጠብቀው ነገር ይኖር ይሆን? ብራውን ከስብሰባው ቀደም ብሎ ለቦርዱ ሊቀ መንበር ደብዳቤ ጽፎ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከሚከፈለው እጥፍ ካልተሰጠ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ብቁ ሰው አይገኝም የሚለውን አባባል እንደማይቀበለው ገልጾ ነበር። ቦርዱም የራሱ መከራከሪያ አለው፦ ሌሎች ግዛቶች የበለጠ ይከፍላሉ፣ ጥሩ ሰው በርካሽ አይመጣም። የሁለቱም ክርክር አዲስ አይደለም፤ ማንም ተሸንፎበት አያውቅም።

ብራውን ሕጉን በሴፕቴምበር 2011 ፈረመበት። ስያሜውን ያገኘው የካሊፎርኒያንስ አዌር ፕሬዚዳንት ከነበሩትና በዚያው ዓመት ካረፉት ከሪቻርድ ማኪ ነው። ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ፋውንዴሽኖችና ረዳት ማኅበራት ውላቸውን፣ ወጪያቸውን፣ ክፍያቸውን ለጠየቀ ሰው እንዲያሳዩ ተገደዱ። ስሜ አይነገር የሚል ለጋሽ ስሙ ይጠበቅለታል፤ በልዋጩ ከዩኒቨርሲቲው ጥቅም ያገኘ ከሆነ ግን አይጠበቅለትም።

ቦርዱም ዝም አላለም። በጃንዋሪ 2012 የአዲስ ፕሬዚዳንት ደመወዝ ከቀድሞው ከ10 በመቶ በላይ አይብለጥ፣ ከ325 ሺህ ዶላርም አይለፍ አለ። በሜይ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ፣ ከግዛቱ በጀት የሚከፈለውን ክፍል ጨርሶ እንዳይጨምር አገደ፤ ጭማሪ ካስፈለገ እስከ 10 በመቶ ድረስ የካምፓሱ ፋውንዴሽን ይጨምር። በቀጣዮቹ ወራት የተሾሙ ፕሬዚዳንቶች ጭማሪያቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። የጎን ኪሱ አልተሰፋም፤ በአደባባይ ደንብ ወጣለት። አንዳንዶች ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። እኔ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው እላለሁ፤ አሁን ጠያቂው የሚሄድበት ቢሮ ያውቃል።

ሕጉን ያመጣው ሰውዬ ነገርስ? ማርች 2014 የሰሜን ካሊፎርኒያ የጋዜጠኞች ማኅበር ሴናተር ሊላንድ ዪን ለሰነዶች ግልጽነት ስላደረገው ትግል ሸለመው። በቀናት ልዩነት፣ ማርች 26፣ የፌዴራል ፖሊስ ኤፍቢአይ በቁጥጥር ሥር አዋለው። ለምርጫ ዘመቻው ገንዘብ ለማግኘት ውለታ ለመዋል ተስማምቷል፣ ከጦር መሣሪያ ደላላ ጋር ለማገናኘትም ቃል ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። በ2015 ጥፋቱን አመነ፤ በፌብሩዋሪ 2016 አምስት ዓመት ተፈረደበት። የራሱ የጎን ኪስ ስፋት ይህን ያህል ነበር። ሕጉ ግን በሥራ ላይ ነው።

የሚቀረው አንድ ነገር ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ይመልሰናል። ከ2005ቱ ትምህርት የቀሰመ፣ ክፍያውን በየዓመቱ የሚያሳውቅ ተቋም ነው ብለናል። በጃንዋሪ 2017 የበላይ ቦርዱ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሪ ክፍያ ጨመረ። በሦስተኛው ወር፣ ኤፕሪል 25፣ የግዛቲቱ ዋና ኦዲተር ኢሌን ሃውል ሪፖርት አወጡ፦ የፕሬዚዳንቷ የጃኔት ናፖሊታኖ ጽሕፈት ቤት ለቦርዱና ለሕዝብ ሳያሳውቅ ከ175 ሚሊዮን ዶላር በላይ መጠባበቂያ ይዟል። ጽሕፈት ቤቱ፣ ብዙው ለታወቀ ሥራ የተመደበ ነው፣ እውነተኛው መጠባበቂያ 38 ሚሊዮን ነው ብሎ ተከራከረ። ስለ ቁጥሩ መከራከር ይቻላል።

ለመከራከር የማይመቸው ሌላው ግኝት ነው። ኦዲተሯ ለየካምፓሱ ስለ ፕሬዚዳንቷ ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቅ መጠይቅ ልከው ነበር፤ መልሱ በቀጥታ ለእሳቸው እንዲላክ፣ ለሌላም እንዳይታይ አሳስበው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ግን መልሶቹን ከመላካቸው በፊት ሰብስበው አዩዋቸው። የሳንታ ክሩዝ፣ የሳን ዲየጎና የኧርቫይን ካምፓሶች መልስ ተለወጠ፤ ነቀፌታው ወጣ፣ የተሰጠውም ነጥብ ከፍ አለ። ኦዲተሯ የሁሉንም መልስ ጥቅም የለውም ብለው ጣሉት። ቦርዱ ጉዳዩን እንዲመረምሩ ያደረጋቸው የቀድሞው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የካርሎስ ሞሬኖ ሪፖርት በኖቬምበር ሲወጣ የናፖሊታኖ ሁለት የቅርብ ረዳቶች ሥራ ለቀው ነበር፤ ቦርዱ ፕሬዚዳንቷን ገሠጸ፣ እሳቸውም ይቅርታ ጠየቁ።

ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ሆን ብሎ የግዛቱን ኦዲት ያደናቀፈ ባለሥልጣን እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል።